ሙሽሪትን አደራ

ሰኒዬ የኔ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ለቅሶ ከደረስሽኝ ወዲህ ጠፋሁብሽ። ይቅር በይኝ። ማንንም ማናገር አቅቶኝ ነበር፤ ሌላውን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

የእማዬ ሙት ዓመት ጥር ላይ ስለሆነ ከልጄ ጋር አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ቤት የምትቀረው የውሃ ኤሊያችን ናት፤ እስክንመለስ አንቺ ጋ ትቆይልኝ። አዎ፣ ኤሊ! ሳቂና ስትጨርሺ ቀጥይ።

ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ ነው ለልጄ የሰጣት። ጆሮዋ ጋ ቀይ መስመር ስላላት ልጄ ሙሽሪት አለቻት። ስትመጣ ቅርፊቷ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉድ ነበር። ሰውየው ፀሐይ ታገኛለች ብሎ መስኮት ዳር ነበር የሚያስቀምጣት። የመስኮት መስታወት ግን ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር አያሳልፍም። ያ ጨረር ከሌለ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም፤ ካልሲየም ብትበላም አጥንቷና ቅርፊቷ ጋ አይደርስም። ያንቺን ልጅ ቅባት ቀብተን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምናሞቀው ለምን ነበር? ነገሩ ያው ነው።

ሐኪሟ ካልሲየምና መብራት አዘዘችላት። አሁን ቅርፊቷ ጠንክሯል።

ሁለት መብራት አላት። አንዱ ለሙቀት ነው፤ የምትወጣበት ድንጋይ ላይ ከ90 እስከ 95 ፋራናይት መድረስ አለበት። ሁለተኛው የዩቪቢው ነው። በእሱና በእሷ መካከል መስታወትም ሆነ ፕላስቲክ እንዳይገባ። ይህ አምፖል ቦግ ብሎ እየበራም ጨረሩ ይደክማል፤ ስለዚህ አዲስ ገዝቼለታለሁ። ታይመሩ ራሱ ለ12 ሰዓት ያበራና ያጠፋል። ሌሊት አሳዝናሽ እንዳታበሪላት፣ አንጀትሽን አውቀዋለሁ! ጨለማም ያስፈልጋታል። የገንዳዋ ውሃ ከ75 እስከ 80 ፋራናይት ይሁን። ውሃ ስትቀይሪ መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀይ፤ ያለ ውሃ ከጋለ ይሰነጠቃል። በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ሳንባዋን ብርድ መትቷት ሊሆን ስለሚችል ሳታድሪ ለሐኪሟ ደውዪ። ከነካሻት በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ልታስተላልፍ ትችላለች። የልጅ ልጅሽ ሲመጣ በተለይ።

እንዴት ልበልሽ ሰኒ... መብራቱ በተገጠመ ሰሞን ድንጋዩ ላይ ወጣች። አንገቷን መዘዘች፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ቆሜ አለቀስኩ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ዕንባዬ ደርቆ ነበር። የሚኒሶታን ታኅሣሥ ታውቂው የለ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። እኔም ከሥራ ስገባ ቡናዬን ይዤ እሷው አጠገብ ነው የምቀመጠው። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

ባለቤትሽ ኃይሉ ካልተመቸው በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። እሺ ካልሽኝ ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት ልምጣ። ሳሎንሽ ውስጥ ሶኬት ያለበት፣ ከበሩ ብርድ የራቀ ጥግ ፈልጊላት። ገንዳው ከነውሃው ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ይሁን። ሽሮ እኔ አመጣለሁ፣ ምሳ እንዳትሠሪ።

ያንቺው አልማዝ