የሰው ተራ አትንጠቅ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። የዓይኔን ሞራ ሊገፍፉልኝ ለሰኞ ቀጥረውኛል። ይህን እያልኳት የምትጽፈው የአክስትህ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ በቴሌግራም ድምፅ ላክለት» ትለኛለች። ድምፅ ሰምተህ ታልፈዋለህ። ይህን ግን ኪስህ ያዘው።

ክርስትና አባትህ ደውሎ ነበር። ሦስት ፈረንጆች ልታስጎበኝ በዋትስአፕ ተዋውለህ፣ ቀብድ በልተህ፣ የበቅሎ ጫኞች ማኅበሩን ተራ ዘለህ ስሜን ተራሮች ፓርክ፣ ሳንቃበር አስገባሃቸው አሉ። የማን ተራ እንደነበር ታውቃለህ። ፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ተነስቶ ደባርቅ የሰፈረው ጎረቤታችን ነው። መሬቱን ትቶ መጥቶ የቀረችው አንዲት በቅሎ ናት።

የሰው ተራ አትንጠቅ።

ስልክህን አልጠላሁትም። እኔ ፈረንጅ ፍለጋ መናኸሪያ ቆሜ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ሳምንት ሙሉ ማንም የማይወርድበት ጊዜ ነበር። አንተ አልጋህ ላይ ሆነህ ከበርሊን ሰው ታዋራለህ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጣ፤ ድሮ ደላላው ቆንጥሮ የሚሰጠንን ሒሳብ ዛሬ ሙሉውን ስልክህ ላይ ታየዋለህ። ጎበዝ ነህ፣ እኮራብሃለሁ። ግን ፈረንጆቹ የሚሰጡት ኮከብ ላንተ ብቻ ነው። በቅሎ ጫኝ ጉግል ላይ ስም የለውም። ስሙ ያለው የተራ መዝገቡ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እናትህ ብቻ ናት የምታውቀው። አንተ ሳትወለድ፣ የጓደኛዬን ተራ «ታሟል» ብዬ ዋሽቼ ወሰድኩበት። ራስ ዳሸን ደርሰን ተመለስን፣ ስምንት ቀን። በዚያ ብር ቤታችንን ቆርቆሮ አለበስኩት። እሱ በዓመቱ በቅሎውን ሸጦ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ወባ ይዞ ተመለሰ። ብዙም አልቆየ። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ለምን ተነስቼ እንደምቀመጥ ትጠይቀኝ ነበር። ቆርቆሮው ነው።

የሰው ተራ አትንጠቅ ብያለሁ።

ደግሞስ ነሐሴ 2015 ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ረሳኸው? ዋትስአፑም ኮከቡም ዝም አለ። ፈረንጁም ቀረ። ያኔ ገብስ ሰፍሮ የላከልን ማን ነበር? ይኸው ሰው አይደለም?

አሁን ስማ። ከተቀበልከው ላይ የበቅሎ ኪራዩን ለይ። ነገ በእጁ ስጠው፣ በቴሌብር እንዳትልክ። ሚስቱ ቡና ካፈላች ሦስተኛውን ሳትጠጣ እንዳትነሳ። የሚቀጥለው እንግዳ በስልክ ሲመጣልህ መጀመሪያ ለማኅበሩ አስመዝግብ፣ አንተ አስጎብኝ፣ በቅሎው በተራው ይሂድ። ዳማዋ በቅሎ ጀርባዋ ተልጧል፣ በጨው ውሃ እጠብላት። እስኪሽር ድረስ አትጫናት። ብርድ ነው፣ ጋቢዬን ልበሰው።

ሰኞ ዓይኔ ከተገለጠ ያንን ኮከብህን ታሳየኛለህ። ስንት እንደሆነ ራሴ ልቁጠረው።

አባትህ