ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው ያልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እከሌ ድርጅት የአይሶ ሰርተፍኬት ስላገኘ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣችሁ ላይ ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ምቀኝነት አይደለም። እኛም አግኝተናል፣ እኛም ተሰልፈን ፎቶ ተነስተናል። የምጽፍላችሁ ፎቶው ላይ ስለማይታየው ነው።

ካርቶን በሚያመርት ድርጅት ውስጥ የጥራት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ትልቅ ደንበኛ "አይሶ 9001 ከሌላችሁ ውል አናድስም" አለን። አይሶ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው፤ 9001 ደግሞ ለጥራት አሠራር ያወጣው ደረጃ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባ ጠሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ወረቀቱ መቼ ይደርሳል?" ማናችንም "ሥራችን ላይ ምን የተበላሸ ነገር አለ?" አላልንም። ሁሉም ጣጣ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አማካሪ ቀጠርን። ሰውየው ፍላሽ ይዞ መጣ። ፍላሹ ውስጥ ያለቀለት ማኑዋል፣ ፕሮሲጀር፣ ፎርም፣ ምን የሌለ ነገር አለ! የቀድሞውን ድርጅት ስም አጥፍቶ የኛን አስገባና በሁለት ሳምንት 180 ገጽ አስረከበን። እኔም ደስ ብሎኝ አስጠረዝኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የ9001 እትም የጥራት ማኑዋል የሚባል ነገር በግዴታ አይጠይቅም። የድሮው እትም ነበር የሚጠይቀው። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ማንም ያልጠየቀንን መጽሐፍ ነው።

ማኑዋሉ ላይ "ወደ ድርጅቱ የሚገባ ወረቀት በሙሉ በላብራቶሪያችን ይፈተሻል" ተብሎ ተጽፏል። ላብራቶሪ የለንም። ያለችን አንዲት የእርጥበት መለኪያ ናት፤ እሷም መቼ ካሊብሬት እንደተደረገች፣ ማለትም በትክክል መለካቷ መቼ እንደተረጋገጠ፣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኦዲቱ፣ ማለትም ሰርተፍኬት የሚሰጠው ተቋም የሚያደርገው ምዘና፣ ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ሰነዳችሁንና ዝግጁነታችሁን ያያሉ፣ ቀጥሎ ሥራው ላይ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን እንደ ምንም አለፍን። በሁለተኛው ኦዲተሯ ቢሮዬ ውስጥ ለእሷ ያዘጋጀሁትን ወንበር አይታ እንኳ አልተቀመጠችም። በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄደችና ኦፕሬተሩን "ይህ ጥቅል ወረቀት መፈተሹን በምን ታውቃለህ?" አለችው። እሱ ደግሞ የዋህ ነው፣ "በእጄ ዳብሼ" አላት።

የደንበኞች ቅሬታ መዝገብ ላይ ስትደርስ እኔ ኮራ ብዬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ዜሮ ቅሬታ። መዝገቡን ገለጠችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ገለጠችው። ከዚያ ስልክ ወደምትቀበለው ልጅ ሄዳ "ደንበኛ ደውሎ ሲቆጣ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት። ልጅቷም መሳቢያዋን ስባ አንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣች። ውስጡ ሁሉም ነገር አለ። ቀኑ፣ የደወለው ሰው፣ ምን እንዳለ፣ ለማን እንደነገረችው፣ መልሳ መቼ እንደደወለችለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዛት እየጻፈች ነበር። ያንን ደብተር "ዛሬ እንግዳ ስላለ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው፣ አያምርም" ያልኳት ከኦዲቱ በፊት ጠዋት ላይ ነው። የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ውጤቱ ሁለት ከባድ፣ አምስት ቀላል ጉድለት ሆነ። ለቀላሉ የማረሚያ ዕቅድ አቅርባችሁ ተቀባይነት ካገኘ ታልፋላችሁ። ከባዱ ግን ታርሞ ካልተረጋገጠ ሰርተፍኬት የለም፤ ከኦዲቱ መጨረሻ ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ማረጋገጥ ካልተቻለ ደግሞ ሁለተኛው ዙር እንደገና ይደረጋል። ኦዲተሯን "እንግዲያው ምን ብናደርግ ይሻላል?" ብላት አልመለሰችልኝም። ያኔ ተናድጄ ነበር። ለካ ሕጋቸው ነው፤ መዛኙ አማካሪ መሆን አይችልም።

የጉድለቱን መነሻ ጻፉ ስንባል ምን ብለን የጻፍን ይመስላችኋል? "የሠራተኛ ቸልተኝነት።" ተመለሰብን። "ሥልጠና ማነስ" ብለን ላክን። ይህም ተመለሰ። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጬ ማሽኑ አጠገብ ወርጄ አንድ ሙሉ ፈረቃ ቆሜ አየሁ። የፍተሻ ፎርሙ ያለው ፎቅ ላይ እኔ ቢሮ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ማሽን አቁሞ ደረጃ ወጥቶ አንድ ቁጥር ሊጽፍ? ማሽን ካቆመ ደግሞ የምርት ኃላፊው ይጮኽበታል። ስለዚህ አርብ አርብ ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላዋል። ሰውየው ቸልተኛ አልነበረም፤ ፎርሙን ያስቀመጥኩት ለራሴ በሚመቸኝ ቦታ ነበር። ፎርሙን ወደ ታች አወረድነው፣ ከሃያ ሁለት መጠይቅ ወደ አምስት ቀነስነው፣ መለኪያዋን ካሊብሬት አስደረግናት። 180 ገጹን ትተን የምንሠራውን ብቻ ስንጽፍ 19 ገጽ ሆነ። በዚያ አለፍን።

በነገራችን ላይ፣ አይሶ ራሱ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም። እሱ ደረጃውን ያወጣል፣ የሚመዝኑት ሌሎች ተቋማት ናቸው። "አይሶ ሸለመን" የሚሉ ማስታወቂያዎች ሲመጡላችሁ ብታርሟቸው ደስ ይለኛል። የሰርተፍኬቱን ምልክትም ምርት ላይ መለጠፍ አይፈቀድም፤ የተመዘነው አሠራሩ እንጂ ዕቃው አይደለማ። እኛ ካርቶን አታሚዎች ስለሆንን ይህን ሳናውቅ የማተሚያ ፕሌቱን ሁሉ አሠርተን ነበር። አሁንም መጋዘን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው።

ሰርተፍኬቱ ለሦስት ዓመት ነው፣ በየዓመቱ እየመጡ ያያሉ። የዘንድሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሰሞኑን ያንን የቅሬታ ደብተር ኮምፒውተር ላይ እናድርገው፣ ዘመናዊ ይሁን ብለው ነበር። ልጅቷን ጠየቅናት። "እኔ ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ ነው የምጽፈው" አለች። ደብተሩ እንዳለ ቀጥሏል፣ አሁን አራተኛው ላይ ደርሳለች። የምጨነቀው ለእሷ አይደለም፤ የምርት ኃላፊው አርብ አርብ ማሽን አጠገብ ምን እንደሚያደርግ ግን ሄጄ ማየት አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥራት ክፍል ሠራተኛ