በአፕል ላይ ያለው ሰም ላስቲክ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አፕል በቢላ እየፋቁ «ላስቲክ ተቀብቷል» የሚሉ ቪዲዮዎች ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራሉ። ያ ነጭ ፍቅፋቂ በአብዛኛው ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው፤ ጨንቻ ላይ ከዛፉ በተቀጠፈውም ላይ አለ። ከሰሙ ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ኖናኮሴን ይባላል፦ 29 የካርቦንና 60 የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ያሉት ቀጥ ያለ ሰንሰለት። በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ውሃ ሳያርሰው እየተንከባለለ የሚወርደውም ከዚሁ ሰም የተነሳ ነው።

ኖናኮሴን የሚቀልጠው 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። የፈላ ውሃ ሲፈስበት ሰሙ ይቀልጥና ሲበርድ ነጥቶ ይረጋል። እንደ ማስረጃ የሚታየው ይኸው ነው! ከውጭ የሚመጣው ግን ሲታጠብ የራሱ ሰም ስለሚሳሳ ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም) ወይም ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ሊቀባ ይችላል። ሁለቱም ለምግብ የተፈቀዱ ናቸው፤ ቢሆንም ሻጩ ሊናገር ይገባል።

ይልቅ የሚያሳስበው ላዩ ላይ የቀረው ፀረ ተባይ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም በሚፈስ ውሃ እያሹ ማለቅለቅ የላዩን ይቀንሳል፤ ወደ ልጣጩ የዘለቀውን አያወጣም። ሳሙና አያስፈልግም። ሊበሉት ሲሉ እንጂ እንደገዙት አይጠቡት፤ ሰሙ የተነሳለት ፍሬ ውሃውን እያጣ ይጨማደዳል።