የተከለከልንበት ምክንያት ከደብዳቤው ጋር ይድረሰን
ለካናዳ የኢሚግሬሽን፣ የስደተኞችና የዜግነት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። አስተማሪ ነኝ። ጉዳዬ የታናሽ እህቴ የትምህርት ቪዛ ነው። የመጣሁት ውሳኔውን ለመቃወም አይደለም። ሰው ሲከለከል ምክንያቱ አብሮ ይነገረው ብዬ ልለምናችሁ ነው።

እህቴ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተከለከለች። ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ዝግ ስለነበር ኢሜይሉን ያየነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደብዳቤው አጭር ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ ከካናዳ ትወጣለች ብለን አላመንንም ይላል። ስለ ገንዘብ አቅሟም አንድ መስመር አለው። አባታችን ሞጣ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና «ምን አጥፍታ ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ሰነዱን ያዘጋጀልን ጉዳይ አስፈጻሚ «ዕድሏ ነው፤ ክፈሉና እንደገና እንሞክር» አለን። ካልጋሪ ያለው የአክስታችን ልጅ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ የቪዛ መኮንኑን ማስታወሻ አስወጡ» አለ። ይህ ማስታወሻ የሚቀመጥበት ጂሲኤምኤስ የሚባል መዝገብ መኖሩን የሰማነው ያን ቀን ነው። በመረጃ ሕጋችሁ መሠረት በእህቴ ፈቃድና ፊርማ፣ 5 የካናዳ ዶላር ከፍሎ ጠየቀልን።

ማስታወሻው ሲመጣ ብዙ ገጽ ነው። አብዛኛው ኮድና ቀን ነው። የተሸፈነ ቦታም አለው። «ፒኤ» (ዋና አመልካች ማለት ነው) የተባለችው እህቴ ራሷ መሆኗን እንኳ ያወቅነው ሰው ጠይቀን ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን የምንፈልገውን አገኘነው። ባንክ ሒሳቡ ላይ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ገንዘብ አለ፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ግን አልቀረበም ይላል።

ያ ገንዘብ የባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። የጎጃም ገበሬ ሀብቱን ባንክ አያስቀምጥም። ሀብቱ ጎተራው ውስጥ ነው፣ ከብቱ ነው፣ ጓሮው የቆመው ዛፍ ነው። ልጅ ሲድር ወይም ሲያስተምር ይሸጥና ብሩ በአንድ ቀን ባንክ ይገባል። አባታችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። የሽያጭ ውሉ ከነምስክሮቹ በእጃችን ነበር። ለጉዳይ አስፈጻሚው ሰጠነው፤ እሱ ግን ከማመልከቻው ጋር አላስገባውም። መኮንኑ ያላየውን ወረቀት ከየት ያምጣ? አልፈርድበትም። ማስታወሻውን ባናገኝ ኖሮ ግን ያንኑ ጉድለት ይዘን እንደገና እናመለክት ነበር።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። ከካናዳ ውጭ የተሰጠ ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲታይ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ለመረጃ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ነው፤ ሊራዘምም ይችላል። ኢሜይሉን ዘግይቶ ላየ ሰው ምን ይተርፈዋል?

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለአንዳንድ ጊዜያዊ ቪዛዎች የመኮንኑን ማስታወሻ ከክልከላው ደብዳቤ ጋር መላክ ጀምራችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ለሁሉም ይዳረስ፤ በተለይ ባልና ሚስት ተለያይተው ለሚጠብቁባቸው የቤተሰብ ማመልከቻዎች። አሕጽሮቶቹን የሚፈታ አንድ ገጽም ይታከልበት።

ሌላም አለኝ። ካናዳ ውስጥ የሌለ ሰውም የራሱን መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በግላዊነት ሕጋችሁ በኩል ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። እዚህ ሰው «ካናዳ ዘመድ ከሌለህ አይሆንም» እየተባለ ለደላላ ይከፍላል። የክልከላው ደብዳቤ ላይ ይህን በግልጽ ጻፉልን። ሁለት መስመር ይበቃል።

እህቴ አሁን ሰነዷን እንደገና እያዘጋጀች ነው። የባሕር ዛፉ ውል ተተርጉሞ ከባንክ መግለጫው በላይ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ማመልከቻውን የምታስገባው ራሷ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወንድም፣ ከደብረ ማርቆስ