ቀዶ ሕክምናው የሚሰረዘው ከቀጠሮው ቀን በፊት ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቀጠሮ ቀን ስለሚሰረዙ ቀዶ ሕክምናዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን በሐኪም እጥረት ላይ ብቻ ማሳረፉ አላሳመነኝም። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ በሽተኛ፣ ጋውን ለብሶ ተራውን ሲጠብቅ ከዋለ በኋላ «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ይባላል። ግፊቱ ቀደም ብሎ ቢለካ ኖሮ በመድኃኒት በተስተካከለ ነበር። ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ደምና የጽኑ ሕሙማን አልጋ መኖር አለመኖሩም አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። መዝገቡ ላይ ምክንያቱ ሳይገለጽ «ተሰርዟል» ብቻ ከተጻፈ ደግሞ የሆስፒታሉ የጥራት ክፍል የሚያርመው ነገር አይኖረውም።

ሆስፒታሎች በሽተኛው ለማደንዘዣ ዝግጁ መሆኑ የሚታይበትን ቅድመ ምርመራ ከቀጠሮው 1 ሳምንት በፊት ያድርጉ፤ የእያንዳንዱን ስረዛ ምክንያት መዝግበው ከቀዶ ሕክምና ቡድኑ ጋር በየሳምንቱ ይገምግሙ።

አንድ አንባቢ