ስለ ፓርኪንሰን ሲጻፍ ድካሙ አይዘንጋ

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር ሆነን አነበብነው። የእጅ መንቀጥቀጡ፣ የጡንቻ መገተሩ፣ የእርምጃ መዘግየቱ በሚገባ ተነግሯል። በሽታው ያለበትን ባለቤቴን ከሁሉ በላይ ስለሚያሠቃየው ድካም ግን አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘንም።

ባለቤቴ ዕድሜውን በአናጢነት የኖረ ሰው ነው። ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ እንቅስቃሴው ተሻሽሏል፤ እጁም ብዙ አይንቀጠቀጥም። ሆኖም ጠዋት ታጥቦ የሸሚዙን ቁልፎች ቆልፎ ሲጨርስ፣ ቀኑን ሙሉ መጋዝ ሲጎትት የዋለ ይመስል አልጋው ጠርዝ ላይ ዝልፍልፍ ብሎ ይቀመጣል። ጫማው እግሩ ሥር እያለ ጎንበስ ብሎ ማጥለቅ ያቅተዋል። ሌሊቱን ደህና ተኝቶ አድሮ ነው ይህ የሚሆነው። «የሥራ ድካም ሲያርፉ ይለቃል፤ ይህኛው ሳልሠራ ይመጣል፣ ባርፍም አይሄድም» ይለኛል።

ሊጠይቁት የሚመጡ ወዳጆች እጁን አይተው «ዛሬማ ድነሃል» ይሉታል። «ተነሥ፣ ስንፍና አታብዛ» የሚለውም አይጠፋም። ይህን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ድካም አለባቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ከመንቀጥቀጡ በፊት ይጀምራል፤ እንቅስቃሴው ገና ብዙም ያልተጎዳ ሰውም በእርሱ ሊሸነፍ ይችላል። ይህን ድካም ለመለካት 16 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ታዲያ እንዴት ስንፍና ይባላል?

በየቀጠሮው ሐኪሙ ጣቶቹን ያንቀሳቅስለታል፣ ያስኬደዋል፣ ያዞረዋል። ስለ ድካሙ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። በመጨረሻ እኔው ራሴ አነሣሁት። ደም ማነስና ታይሮይድ ተመረመሩ፤ ሲቆም የደም ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ታየ፤ ስለ እንቅልፉና ስለ መንፈሱ ተጠየቀ፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ተፈተሹ። ሌላ መንስኤ ስላልተገኘ ድካሙ ከበሽታው ከራሱ እንደሆነ ተነገረን። እርግጠኛ ፈውስ የለውም፤ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ግን አንዳንዶችን ይረዳል። አሁን ከባዱን ነገር መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት እናደርገዋለን፤ አጭር የእግር ጉዞም ጀምረናል። ካለፈው ጊዜ ይሻላል።

እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህን ጨምሩ። ሐኪሞችንም እለምናለሁ፦ የታማሚውን እጅ ካያችሁ በኋላ «ድካሙስ እንዴት ነው?» በሉት።

የአንድ ታማሚ ባለቤት