የምስጢር ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነገርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሞባይል ስልክ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በወጣቶች ላይ ነው። ጥናታቸውን ትተው ቪዲዮ ያያሉ፣ ሌሊት አይተኙም ይባላል። ሐሰት ነው አልልም። ስለ ወጣቶቹ ግን ብዙ ሰው ይናገራል፤ እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ እናቶቻቸውና ስለ አያቶቻቸው ነው።

ስልክ ለእነዚህ እናቶች ያመጣው በረከት ቀላል አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደ ልጅ ቀድሞ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በዘመድ ወይም በሾፌር እጅ ነበር። መልእክተኛው እስኪደርስ ድረስ የልጁ ደኅንነትም አይታወቅም። ዛሬ ማታውኑ ደውሎ «እማዬ፣ ልኬልሻለሁ» ይላል፤ ብሩም ወዲያው ይገባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተራዋ ባለ ቁልፍ ስልክ የባንክ ደብተር ሆናለች። ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ብሎ መደወል ይበቃል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አደጋውም ያለው እዚያው ብሩ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ገንዘብ ወጪ በሚደረግበት አንድ ሱቅ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩት እናት ስልካቸውን ለባለ ሱቁ ሰጡት። «እማማ፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አላቸው። ስድስቱንም አኃዝ አንድ በአንድ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ነገሩት። ቀጥለው የመጡት ደግሞ መናገርም አላስፈለጋቸውም፤ ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከስልኩ ጀርባ ተለጥፏል። ባለ ሱቁን ክፉ ሰው ነው ብዬ አልከስሰውም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እናቶቹም ፊደል አልቆጠሩም፤ እርሱም እንደ ረዳቸው ያምናል። ነገር ግን የዓመት ጥሪታቸው በማንም ጆሮ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

አጭበርባሪዎች የሚገቡትም በዚሁ በር ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» እያሉ ይደውላሉ። ቁጥሩን ለሰው መናገር የለመደች እናት ለደዋዩም ብትናገር ምን ይደንቃል? እውነተኛው የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ከደረሰ ሊታመን አይገባም። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

«መሃይም ስለሆኑ ምን ይደረጋል» የሚለውን መልስ አልቀበለውም። የመሶብ ጥለት ሳይጽፉ በቃላቸው ቆጥረው የሚሰፉ እጆች ስድስት ቁልፍ አያቅታቸውም። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጣት ራሱ እንደሚማር አውቃለሁ። በባለ ቁልፍ ስልክ የ5 ቁጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ እብጠት አለች። ከእርሷ ሽቅብ 2፣ ቁልቁል 8፣ በግራ 4፣ በቀኝ 6 ይገኛል። ጥቂት ቀን ያለማመዳት ሰው ያገኘች እናት ቁጥሯን ሳታይ ትነካለች።

ስለዚህ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ለእናቶቻችሁ ውድ ዘመናዊ ስልክ የምትልኩ ልጆች ቆም ብላችሁ አስቡ። በለሰለሰው መስታወት ላይ ጣት የሚይዘው ምልክት የለም፤ እናታችሁ ራሷ የምትሠራበትን ስልክ ነጥቃችሁ ለጎረቤት ልጅ እጅ አሳልፋችሁ ሰጣችኋት። ፎቶግራፋችሁን እንድታይ ከፈለጋችሁ ይሁን፤ ገንዘቧ ያለበት ሲም ግን በአሮጌዋ ስልክ ይቆይላት።

ባለ ሱቆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩን አዙራችሁ ለባለቤቷ ስጡ፣ ቁጥሯን እስክትነካም ፊታችሁን መልሱ። ሰልፈኛው ይታገሣል። የየሰፈሩ ዕድሮችም በወር ስብሰባቸው ላይ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይመድቡለት። ሞባይል አበላሻቸው የምንላቸውን ወጣቶች አስተማሪ አድርገን እናስቀምጣቸው፤ ስልክ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ በሰፈራችን የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከጎንደር